በታናናሾቻችን አንሳቅ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ፌስቡካችን በቀልድ ይሞላል። «ደነዝ ትውልድ»፣ «የቲክቶክ ትውልድ» የሚል ፖስት በአንድ ቀን ሺህ ላይክ ያገኛል። ላይክ አድራጊው ደግሞ አብዛኛው እንደ እኔ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ነው። እስኪ ዛሬ እውነቱን እንነጋገር።

እኔ የተፈተንኩት በ2010 ነው። በራሴ ትምህርት ቤት፣ በለመድኩት ክፍል። በዋዜማው ሌሊት «መልስ ነው» የተባለ ወረቀት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አይቻለሁ። ጎበዝ ጓደኞቻችን ግራ ቀኙን ሲያስኮርጁም አይቻለሁ። ከዚያ በፊት በ2008 ፈተናው ተሰርቆ ወጥቶ፣ ተቋርጦ እንደገና መሰጠቱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መቁረጫ ነጥቡም ዩኒቨርሲቲዎች ስንት ተማሪ መቀበል ይችላሉ እየተባለ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ከ2014 ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ልጆቹ በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልክ ተከልክለው ተፈተኑ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ሆነ። በ2014 ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነው። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ።

እኛ በዚህ ወንፊት አልተነፋንም። ብንነፋ ስንቶቻችን እንተርፍ ነበር? እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ ባልተፈተንበት ፈተና ጀግና አንሁን።

አንዳንዱ «ፈተናው ይቅለል» ይላል። በዚህ አልስማማም። ኩረጃው መቅረቱ ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ፈተናው በሽታውን አልፈጠረውም፣ ድሮም የነበረውን ገለጠው እንጂ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ በሽታው ከታወቀ በኋላ ማን ታከመ?

በ2014 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በ2015 1,328 ደረሱ። አንድ ልጅ ሲወድቅ «አላጠናም» ይባላል። ትምህርት ቤቱ ከነተማሪው ሲወድቅስ? ሁሉም ሰነፍ ነው እንበል? የክፍሉ አንደኛም ሰነፍ ነው?

የአክስቴ ልጅ ገጠር ነው የምትማረው። የፊዚክስ መምህሯ ዓመቱ ሳይጋመስ ለቆ ሄደ፤ ሌላ አልመጣም። መጽሐፉን በፒዲኤፍ በስልክ ነው የምታነበው፤ መብራት ሲጠፋ መጽሐፉም አብሮ ይጠፋል። የሚቀርብላት ፈተና ግን ላብራቶሪና አስጠኚ ላለው የከተማ ልጅ ከሚቀርበው ጋር አንድ ነው። ይቺን ልጅ «ወደቀች» ማለት ይከብደኛል። ጥለናታል ማለት ይቀላል።

ፐርሰንቱ ከፍ አለ ብለንም ቶሎ አናጨብጭብ። ያለፉት ቁጥር መጨመሩ እውነት ነው። ግን በ2015 ፈተና ላይ የተቀመጠው ከ840 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2017 ከ590 ሺህ በታች ሆነ። የቀሩት የት ሄዱ? በጦርነት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት አለ። ተስፋ ቆርጦ ስደት የወጣ አለ። ፈተና ላይ ያልተቀመጠ ልጅ በፐርሰንቱ ውስጥ አይቆጠርም። ከእኛ ግን ጎድሏል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ፌዙን እናቁም። ውጤት የመጣ ቀን ቤት ውስጥ ተሸፍኖ የሚያለቅስ ልጅ አለ፤ ፖስታችንን ያነበዋል።

ሁለተኛ፣ እንጠይቅ። በወረዳችሁ ያለው ትምህርት ቤት ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? የትኛው ትምህርት መምህር የለውም? ርዕሰ መምህሩንም ትምህርት ጽሕፈት ቤቱንም በጨዋ ደንብ፣ በቁጥር ጠይቁ። ስድብ ማንም አይመልስም፤ ቁጥር የያዘ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እናስተምር። እኔ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ፣ ሥራ ግን የለኝም። ያለኝ ጊዜ ነው። ባለፈው ክረምት የሰፈራችንን ሰባት ልጆች ይዤ ሒሳብ ጀመርኩ። አንዱ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ መደመር አይችልም ነበር። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። 5ኛ ክፍል እያለ አልገባውም፣ ከዚያ ወዲህ መጠየቅ አፍሮ ስድስት ዓመት ተሸክሞት ኖሯል። ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ አሁን ለሌሎቹ እሱ ነው የሚያስረዳው።

ለዚህ በጀት አያስፈልግም። አንድ ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሒሳብ የሚችል ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ የሚችል እንግሊዝኛ ያስተምር። ይህን ስናደርግ የመንግሥትን ዕዳ ተሸከምንለት ማለት አይደለም፤ መምህርና መጽሐፍ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ እንጠይቀዋለን። ልጆቹ ግን መልሱ እስኪመጣ አይቆዩም። ፈተናው አይጠብቃቸውም።

አገር እወዳለሁ ማለት ፕሮፋይል ላይ ባንዲራ ከመለጠፍ ይበልጣል። አገር ማለት በጎረቤትህ ያለችው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የፊታችን ቅዳሜ በሯን አንኳኩ።

ሰፈራችሁንና ማስተማር የምትችሉትን ትምህርት ከታች ጻፉ። እናገናኛችኋለን።