ገበሬው «አይሆንም» ሲል

ቃሊቲን አልፎ አቃቂን የተሻገረ መንገደኛ ጥቁሩን የመረሬ አፈር ያውቀዋል። በክረምት እግር ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ የሚበቅልበት ይህ ምድር ከሥሩ ሌላ ሀብት ተሸክሟል፤ ይኸውም ከእንጦጦ አቅጣጫ በተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ወደ ደቡብ የሚፈስ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አዲስ አበባም ከዚህ ትቀዳለች።

ነዳጅ ጋዛችን ያለው ሩቅ፣ በሶማሌ ክልል ካሉብና ሂላላ፣ በአርብቶ አደሩ ምድር ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። ሐሳቡ «አይሆንም» የሚል ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ካለማወቅ ይቆጠርበታል።

በዚህ ረገድ የኔዘርላንድሷን ግሮኒንገን እንመልከት። ጋዙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደታች ከሚገኝ አሸዋማ ድንጋይ ይወጣ ነበር። ጋዙ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ድንጋዩም በላዩ ባለው ክብደት ይጨመቃል። በ1986 በአካባቢው መንቀጥቀጥ ሲሰማ ከጋዙ ጋር ያያያዙት ሰዎች ሰሚ አላገኙም። በ2012 በሬክተር መለኪያ 3.6 የደረሰ መንቀጥቀጥ ከተከሰተ በኋላ ክርክሩ ተለወጠ፤ በ2024 ማውጫው በሕግ ተዘጋ።

የአቃቂ ውሃ ምድር ያንቀጠቅጣል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ፓምፕ ያለማቋረጥ ሲስብ፣ በዙሪያው የውሃው ልክ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ሳይሆን እንደ ሰፊ ማጥለያ ወደ መሐል ይሰረጉዳል። የላይኛውና የታችኛው የውሃ ንብርብሮች የተገናኙ ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚደርቀው በእጅ የተቆፈረው የጎረቤት ጉድጓድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱ ለተወሰደበት ገበሬ ካሳ ይደነግጋል። መሬቱ ያልተነካበት ጎረቤት ግን ውሃው መራቁን በምን ያስረዳል? ምናልባት ጥፋቱ የዝናብ ማነስ ይሆናል። ይህን የሚለየው አስቀድሞ የተያዘ ልኬት ብቻ ነው።

እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። የአቃቂን ውሃ የሚመለከቱ የመመረቂያ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ተጽፈው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገበሬው በሚሰማው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተተርጉሞ የተነበበለት አላየሁም። ስለዚህ አዲስ ፓምፕ ከመተከሉ በፊት የመለኪያ ጉድጓድ ይቆፈር፤ የወሩም ልክ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይለጠፍ፤ ሲለካም ከገበሬዎቹ አንዱ ገመዱን ይያዝ።