ጆሮም ትምህርት ይሻል

በውጭ አገር የምትኖሩ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ተወላጆች፣ ከሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል የወጣችሁ ወገኖቼ፤

ሁዳዴ በገባ ቁጥር በየቤታችን አንድ ነገር ይደጋገማል። አባት በገና ይከፍታል፤ ልጅ የራሱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይሰካል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ያስፈራኛል» ይላል፤ ወይም «ድምፁ የተበላሸ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ወላጅ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ «እሱ የዚህ አገር ልጅ ነው» ብሎ ይተወዋል። ቁጣውም ሆነ መተዉ ልጁን ከበገናው የባሰ ያርቀዋል።

ነገሩ የልጆች ብቻ አይደለም። በገናን ከስቅለትና ከሐዘን ቤት ጋር ብቻ አያይዘን ያደግን፣ ገና መደርደር ሲጀምር ሌላ ነገር የምንቀይር ጎልማሶችም ብዙ ነን። እንግዲህ ጥያቄውን ሳልሸፋፍን ላንሣው፦ መጀመሪያ ሲሰሙት ያልወደዱትን ሙዚቃ ለመውደድ መልፋት ይገባል? ይገባል እላለሁ። ልፋቱ ግን መንገድ አለው። መንገዱን የሳተ ልፋት ጥላቻ ያተርፋል፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ስለ መንገዱ ነው።

የተቃዋሚውን ሐሳብ በቅድሚያ ላክብር። «ዕድሜ አጭር ነው፤ ሙዚቃ ለደስታ ነው፤ ደስ የማይለኝን ምን አስለፋኝ?» የሚል ሰው ተራ ነገር አልተናገረም። ሌሊቱን በሆስፒታል ሲሠራ አድሮ ወይም ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ውሎ የገባን ሰው ተቀምጠህ ጆሮህን አስተምር ማለት ይከብዳል። ሳይወዱ ወደድኩ ማለትም ማስመሰል ነው፤ ማስመሰል ደግሞ ለማንም ዜማ ክብር አይሆንም። ይሁንና ይህ ክርክር አንድ ነገር ሳይመረምር ያልፋል። የጆሮ ምርጫ ከእናት ማሕፀን ይዘነው የምንወጣ፣ የማይለወጥ ነገር እንደሆነ አድርጎ ይወስዳል። እንዲያ አይደለም።

ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። በ2016 ጆሽ ማክደርሞት የተባለ የኤምአይቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። በቦሊቪያ አማዞን ውስጥ ለሚኖሩት ለጺማኔ ሕዝቦች፣ የምዕራቡ ጆሮ «ይስማማል» የሚላቸውንና «ይጎረብጣል» የሚላቸውን የድምፅ ጥምረቶች አሰሟቸው። ጺማኔዎች ሁለቱንም እኩል ደስ እንደሚሉ አድርገው መዘኗቸው። ለአውሮፓና ለአሜሪካ አድማጭ የተፈጥሮ ሕግ የሚመስለው ነገር፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከልጅነት በመስማት የመጣ ልማድ ሆኖ ተገኘ። የእኛም ልጆች በትምህርት ቤት ባንድና በፒያኖ ያደጉ ናቸው። ከዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነውን አንቺ ሆዬን ሲሰሙ የተዛነፈ ቢመስላቸው ልባቸው ስለጠላን አይደለም፤ ጆሯቸው ሌላ ልኬት ስለለመደ ነው።

የለመደ ደግሞ እንደገና ይለምዳል። በግንቦት 1913 ፓሪስ ላይ የሙዚቃ ደራሲው የስትራቪንስኪ «የጸደይ ሥርዓት» የተባለው የባሌት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ አዳራሹ በጩኸትና በፌዝ ተናወጠ። በዓመቱ፣ በ1914፣ ያው ሙዚቃ በዚያው ከተማ ያለ ውዝዋዜው ሲቀርብ ሕዝቡ ደራሲውን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ከሙዚቃው የተለወጠ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ በገናው ልመለስ፤ ልጆቻችን «የተበላሸ» የሚሉት ያ የሚነዝር ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ስንቶቻችን ነግረናቸዋል? በገና ዐሥር አውታር አለው። በባህሉ አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። በግ የኑሮው ምሶሶ ለሆነው፣ ከበጉ ጠጉር ባና አሠርቶ የደጋውን ብርድ ለሚመክተው ለመንዝ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። አውታሮቹ ከላይ ከቀንበሩ ተወጥረው ወርደው ከታች በገበቴው ላይ፣ በርኩማ በሚባለው ድጋፍ ላይ ያርፋሉ። በበርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን ገፋ፣ ሳብ እያደረገ አውታሩ ቆዳዋን ነካ ለቀቅ የሚልባትን ቦታ እስኪያገኝ ይደክማል። የሚነዝረው ድምፅ የሚወለደው እዚያች ቦታ ላይ ነው። እንዚራዋ ብትወጣ አውታሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የበገና ጠባይ ግን ይጠፋል። ልጁ ብልሽት ያለው ነገር ባለሙያው በትዕግሥት ፈልጎ ያገኘው ውበት ነው።

በዚህም ብቻችንን አይደለንም። ሕንዶች ታምቡራ በተባለው መሣሪያቸው አውታርና ድጋፍ መካከል ክር ያስገባሉ፤ ዚምባብዌዎች ምቢራ በሚሉት መሣሪያቸው ላይ ቀንድ አውጣ ዛጎል ወይም የጠርሙስ ክዳን ያስራሉ። ዓላማው አንድ ነው፤ ድምፁ እንዲነዝር። ይህን የሚያውቅ ልጅ በገናን ወዲያው ባይወደውም ቢያንስ የሚሰማው ነገር ታስቦበት የተሠራ መሆኑን ይረዳል።

ሌላም የሚነገር አለ። ደርዳሪው በጣቶቹ ሲጫወት ዐሥሩንም አውታር አይመታም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ስድስቱ ሲሆኑ ቀሪዎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። የዜመኛው ድምፅም ከፍ ብሎ አይጮኽም፤ ዝቅ ብሎ ከአውታሩ ጋር ይሄዳል። ግጥሙ የዓለምን አላፊነት፣ ሞትን፣ ንስሐን፣ የእግዚአብሔርን ምሕረት ያስባል። በገና ለቅዳሴ አይገባም፣ ለጭፈራም አይሆንም፤ ቤት ውስጥ፣ በጾም ወራት፣ ሰው ከራሱና ከፈጣሪው ጋር እንዲነጋገርበት የተሠራ ነው። ታዲያ ይህን መኪና ውስጥ፣ በትራፊክ መካከል፣ ልጆች ከኋላ ሲጨቃጨቁ ከፍተን «ለምን አይወዱትም» ብንል ጥፋቱ የልጆቹ ነው? የብዙ ሙዚቃ ጥላቻ ሥሩ እዚህ ይመስለኛል። ሙዚቃው ከተሠራለት ሰዓትና ቦታ ወጥቶ ይሰማል፣ ከዚያም ባልተሠራለት ሥራ ይመዘናል።

«መደጋገም ያላምዳል» የሚለውንም ሐሳብ ልመርምር። ሮበርት ዛይንስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰው ደጋግሞ ያገኘውን ነገር ወደ መውደድ እንደሚያዘነብል አሳይቷል። እውነት ነው፤ ግን ከወላጆች ዘንድ ይህ ግኝት በግድ ወደ ማሰማት ሲለወጥ አያለሁ። ቀድሞ የተጠላን ነገር ያለ ማብራሪያ፣ ያለ ፈቃድ መደጋገም ጥላቻውን ሊያጠነክረው ይችላል። ድግግሞሹ የሚሠራው ከእውቀትና ከፈቃድ ጋር ሲሆን ነው።

ለምን ይህን ያህል አሳሰበኝ? ምክንያቱም በገና በእኛው ዘመን ሊጠፋ ተቃርቦ የተረፈ ሀብት ነው። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በ1950 እንጦጦ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገናን ተማሩ። ከ1972 ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በደርግ ዘመን ግን መሣሪያው ከሃይማኖት ጋር በመያያዙ በ1980 ትምህርቱ ተቋረጠ። ከ1991 በኋላ ነው በገና እንደገና በግልጽ መማሪያ የሆነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ወንዱም ሴቱም ይማረዋል፤ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች ውስጥም 11ኛው ጥራዝ የዓለሙ አጋ በገና ነው።

ከመንዝ ታሪክ ይህን የሚመስል አንድ እናውቃለን፤ የጓሳ ታሪክ። የጓሳን ሣር ሕዝቡ በ17ኛው መቶ ዘመን እንደተጀመረ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። በመረጣቸው አባቶች አማካይነት ሣሩን ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ቦታውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ እንደገና ተደራጅቶ መጠበቁን ስለቀጠለ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ዛሬ በጓሳ ይታያሉ። ሣሩን ያተረፈው ጊዜ ጠብቆ የመዝጋትና የመክፈት ሥርዓት ነበር። በገናም እንደዚያ ነው፤ ወራቱና ሰዓቱ ተጠብቆለት ሲከፈት ያጠግባል፣ ሁልጊዜ እንደ ማጀቢያ ሲለቀቅ ግን ይረገጣል።

ባዕዳንም ለእኛ ሙዚቃ ጊዜ ሰጥተዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ሰምቶ ተደነቀ፤ በ1986 በአውሮፓ እንዲታተም ምክንያት ሆነ፤ በኋላም «ኢትዮፒክስ»ን ጀመረ። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ሕዝቡን አጥንቶ በ1965 «ሰምና ወርቅ»ን አሳተመ። የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ጥበብ ተቋም በ2008 ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር ለዜማ ሊቁ ለሞገስ ሥዩም ሰጥቷል፤ እኚህ ሰው በዋሽንግተን አካባቢ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ ናቸው። ባዕድ ይህን ያህል ጆሮውን ካሠለጠነ የራሳችን ልጅ መመሪያ ሳያገኝ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ግን ፍትሕ ይኑር። ልጃችን ለበገና ጆሮ እንዲሰጥ የምንጠይቅ እኛ ለልጃችን ሙዚቃ ስንት ጊዜ ጆሮ ሰጠን? ሂፕ ሆፑን «ጩኸት» ብለን የምናጣጥል ከሆነ እሱም በገናን «ማልቀስ» ቢለው ከእኛ የተማረውን ነው የሚደግመው። ግጥሙን አስነግሩት፤ ቤት አመታቱን፣ ቃላት አሰካኩን ይግለጽላችሁ። በቅኔና በቀረርቶ አገር ያደገ ሰው ቃል ሲሰካ መለየት አያቅተውም። በአገራችን ውስጥም እንዲሁ ነው። ከመንዝ ቁልቁል ይፋት ሲወረድ መንዙማ አለ፤ ደቡብ ሲኬድ የዶርዜ ሽማግሌዎች ብዙ ድምፅ አጠላልፈው የሚያዜሙት አለ። ለእነዚህ ጆሮ ያልሰጠ የደጋ ሰው «የኢትዮጵያን ሙዚቃ እወዳለሁ» ሲል ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

ወሰኑንም ልናገር። ሰውን የሚያዋርድ፣ ሴትን የሚያንቋሽሽ፣ ወገንን በወገን ላይ የሚያነሣሣ ዘፈንን ለመውደድ መልፋት አይገባም፤ እዚያ የሚናገረው ኅሊና ነው። ደግሞም በደንብ ተነግሮት፣ በጊዜው ሰምቶ፣ አሁንም ልቡ እምቢ ያለ ሰው ነፃ ነው። ያም ሰው ትርፍ አግኝቷል፤ የማይወደውን አውቆ ማክበርን ተምሯል። የአያቱን ጸሎት «የተበላሸ ድምፅ» አይለውም፤ ነገ ለራሱ ልጅም አጣሞ አያስተላልፈውም።

ስለዚህ ለዘንድሮ ሁዳዴ የምመክረው ይህ ነው። በሳምንት አንድ ምሽት ስልኩ ይቀመጥ፤ መብራቱ ዝቅ ይበል፤ አንድ የበገና መዝሙር ብቻ ይሰማ። ከመስማታችሁ በፊት ግጥሙን ጽፋችሁ፣ አማርኛው ለሚከብደው ልጅ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ መዝሙር ድገሙት፤ ከዚያ ልጁ የራሱን አንድ ሙዚቃ ያሰማችሁ፣ እናንተም በተራችሁ ጸጥ ብላችሁ ስሙ። የሰሜን ሸዋ ተወላጆች ማኅበራትና አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በየዓመቱ ለግብዣና ለአዳራሽ ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው በገና ገዝተው፣ የሚችል መምህር ቀጥረው ለልጆች ያስተምሩ። በገናን በእጁ የያዘ፣ እንዚራዋን ራሱ ያስተካከለ ልጅ ከማንም ስብከት በላይ ያውቀዋል።

ልጆቻችን የእኛን ዜማ እንዲወዱ ማዘዝ አንችልም። እንዲሰሙት የሚያስችላቸውን እውቀት፣ ሰዓትና ትዕግሥት መስጠት ግን በእጃችን ነው፤ ይህን ሳንሰጣቸው ብንቀር ለጥላቻቸው ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።