ቀለም የሚቀባ ቀለም ይቁጠር

«ቀለም ቀለም ነው፤ ታሪክ ደግሞ የታሪክ ጸሓፊዎች ፈንታ ነው» የሚል አነጋገር፣ የታንክና የልዩ ልዩ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ አምሳያ እየሠሩ በሚቀቡ ሰዎች ዘንድ ይሰማል። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ተናጋሪው ከክርክር ርቆ በብሩሹና በቀለሙ ብቻ መደሰትን የመረጠ ሰላማዊ ሰው ነው ያሰኛል። እኔ ግን ይህ አነጋገር ትሕትና ሳይሆን ስንፍና ነው እላለሁ፤ ከስንፍናም አልፎ ወጣቶችን የሚያደነዝዝ ክፉ ትምህርት ነው እላለሁ።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ግን ሥራውን ራሱን ለሚንቁት ሰዎች መልስ መስጠት ይገባኛል። «የደረሰ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታልን?» እያሉ የሚስቁ አሉ። የሚስቁት ሥራውን ቀርበው ስላላዩት ነው። «ቲገር» የተባለው የጀርመን ታንክ ክብደቱ 57 ቶን ያህል ሲሆን፣ ከመድፉ አፍ እስከ ኋላው ድረስ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ይህ ታንክ በ35 ተካፍሎ ሲያንስ አምሳያው 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አጠገቡ የሚቆመውም ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሠሪው በዚህች ጠባብ ገላ ላይ የሚያደርገውን ተመልከቱ። አስቀድሞ ፕላስቲኩን በሳሙና አጥቦ ያደርቃል፤ ቀጥሎ ሌላውን ቀለም የሚይዝለት ስስ የመደብ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም ፈዘዝ ያለውን ቀለም አስቀድሞ ጠቆር ያለውን ያስከትላል። የፊተኛው ሳይደርቅ የኋለኛውን የደረበ እንደ ሆነ ሁለቱም ይበላሹበታል። የቀለሙ ጠርዝ ስል እንዲሆን ቢፈልግ በወረቀት እየከለለ ይቀባል፤ እንዲደበዝዝ ቢፈልግ ደግሞ ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ይሠራል። የእውነተኛውን ታንክ ቀለም እንዳለ ቢጠቀምበት እንኳ አምሳያው ይጠቁርበታል፤ ትልቁን ነገር ከሩቅ ስናየው በመካከል ያለው አየር ቀለሙን ያፈዝዘዋልና። ስለዚህ ጥቂት ነጭ ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት የሚሠራ ወጣት፣ ዐይኑን ማስተዋልን፣ እጁን መታዘዝን ያስተምራል። በዚህ የሚስቅ ሰው በራሱ ይሳቅ።

ሌሎች ደግሞ፣ «የጦር መሣሪያ አምሳያ የሚሠራ ሁሉ ጦርነትን የሚወድ ነው» ይላሉ። ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው። የጅብ ሥዕል የሣለ ሁሉ ጅብ አይሆንም። ነገር ግን ጅቡን በግ አስመስሎ የሣለ ሰው መጠየቅ አለበት። ክርክሬም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመሸሸጊያ ቀለም፣ ማለት ካሙፍላጅ የሚሉት፣ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የፈረንሣይ እግረኛ ወታደር ቀይ ሱሪ ለብሶ ነበር የዘመተው። አውሮፕላን ከሰማይ እየቃኘ፣ መድፍም ከሩቅ እየደረሰ ሲፈጅ ግን ደምቆ መታየት ሞት መሆኑ ታወቀ። በ1915 የፈረንሣይ ጦር ሠዓሊዎችን ሰብስቦ የመሸሸጊያ ሥራ ክፍል አቋቋመ፤ ከመሪዎቹም ዋናው ጊራን ደ ሴቮላ የተባለው ሠዓሊ ነበር። ለክፍሉም ምልክት እንዲሆን የተመረጠችው በእኛ ዘንድ የወላዋይ ሰው ምሳሌ የሆነችው እስስት ናት።

የቀለሙ ምሥጢር እንዲህ ነው። ዐይናችን አንድን ነገር የሚለየው በዳር ዳሩ መሥመር ነው። አረንጓዴውና ቡናማው ቀለም እየተጠማዘዘ ያን መሥመር ሲቆራርጠው፣ ዐይን ታንኩን ማየቱ ቀርቶ ቁጥቋጦ፣ ጥላና አፈር ያየ ይመስለዋል። እንግዲህ በእውነተኛው ታንክ ላይ ያለው ቀለም ለመዋሸት የተቀባ ነው። ጠላትን ያታልላል፤ የሚያታልለውም ራሱ እንዳይገደል፣ ወይም አድፍጦ እንዲገድል ነው።

በአምሳያው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የታንክ አምሳያ ከማን ይሸሸጋል? ቀለሙ የተቀባው እንድናየው ነው፤ «በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ አድርገው ነበር» ብሎ እንዲነግረን ነው። ስለዚህ በታንኩ ላይ ውሸት የነበረው ቀለም በአምሳያው ላይ ምስክር ይሆናል። ምስክር የሆነ ደግሞ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ሊውጥ አይገባውም።

ጥሩ ሠሪዎች ይህን ግማሹን አሳምረው ያውቁታል። በ1941 ክረምት የጀርመን ታንኮች በሩሲያ በረዶ ላይ ጥቁር ግራጫ ሆነው ስለ ታዩ ወታደሮቹ በነጭ ቀለም መለቅለቃቸውን፣ ነጩም እየተላጠ የታችኛው ግራጫ ብቅ ማለቱን ያውቃሉ። በ1943 መጀመሪያ ታንኮቹ ከፋብሪካ ደፈጥፈጥ ያለ ቢጫ ተቀብተው እንዲወጡ መታዘዙን፣ ለወታደሮቹም ቀይ ቡናማና አረንጓዴ ወፍራም ቀለም በቆርቆሮ መታደሉን ያውቃሉ። ወታደሩ ቀለሙን በቤንዚን ሲያቀጥነው ጸንቶ ይቆያል፤ ቤንዚን አጥቶ በውሃ ሲያቀጥነው ግን ዝናብ ያጥበዋል። አንዱ በሚረጭ መሣሪያ፣ ሌላው በብሩሽ ስለሚቀባ አንዱ ታንክ ከሌላው አይመሳሰልም ነበር። እስከ 1944 አጋማሽ ድረስ እንዲህ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ዥንጉርጉሩን እየቀቡ እንዲያወጡ ታዘዘ።

ይህን ሁሉ አጥንተው፣ ቡናማው ይቀላል ወይስ ይጠቁራል እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። መከራከራቸው ደግ ነው፤ እውነትን መፈለግ ነውና። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው እወዳለሁ። ስለ ቀለሙ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ ቀለሙ ስለ ሸሸገው ሥራ ሲጠየቅ «ይህ የእኔ ፈንታ አይደለም» የሚለው ስለ ምንድር ነው? የቡናማውን ልክ ለማወቅ መጽሐፍ የገለጠ እጅ አንድ ገጽ ጨምሮ ለመግለጥ ለምን ይደክመዋል?

ምሳሌ ላምጣ። «ዳስ ራይኽ» የተባለው 2ኛው የኤስ.ኤስ. ታንከኛ ክፍለ ጦር ታንኮቹ በአምሳያ ሠሪዎች ዘንድ የተወደዱ ናቸው። ሠሪው የክፍለ ጦሩን ትንሽ ምልክት በቀጭን ብሩሽ በጥንቃቄ ይሥላል፤ ዥንጉርጉሩም ያምርለታል። በጁን 1944 ይህ ክፍለ ጦር ከደቡብ ፈረንሣይ ተነሥቶ ወደ ኖርማንዲ በሚዘምትበት ጊዜ፣ ጁን 10 ቀን ወታደሮቹ ኦራዱር ሱር ግላን የምትባለውን መንደር ከበቡ። ወንዶቹን በየጎተራው አስገብተው በጥይት ፈጁ፤ ሴቶቹንና ሕፃናቱን በቤተ ክርስቲያን ዘግተው በእሳትና በጥይት አጠፉ። የሞቱት ሰዎች ከ640 በላይ ናቸው። የመንደሪቱ ፍርስራሽ ለመታሰቢያ እንዳለ እንዲቀመጥ ተደርጎ፣ አዲሱ መንደር በአጠገቡ ተሠራ። እንግዲህ ምልክቱን አሳምሮ ሥሎ ስለ ኦራዱር አንዲት ቃል የማይጽፍ ሠሪ ምን ሠራ እንበል? እርሱ ሳያውቀው ለሁለተኛ ጊዜ የመሸሸጊያ ቀለም ቀባ። የፊተኛው ቀለም ታንኩን ከአውሮፕላን ሸሸገ፤ የእርሱ ቀለም ግን ክፍለ ጦሩን ከሕሊና ሸሸገ።

«ይህ የፈረንጆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር ደግሞ ወደ አገራችን እንምጣ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ «ካሮ ቬሎቼ» የሚባሉ ትንንሽ ታንኮች ይዛ ነበር። ክብደታቸው ከ3 ቶን ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለት ሰው ይይዛሉ፤ የሚዞር ማማ የላቸውም፤ መትረየሳቸውም የሚተኩሰው ወደ ፊት ነው። በዲሴምበር 1935፣ ማለት በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል በደምበጉና በር እነዚህን ታንኮች ገጠማቸው። አርበኞቹ የታንክ መምቻ መሣሪያ አልነበራቸውም። ነገር ግን መትረየሱ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንደማይደርስ አስተውለው፣ ብረቱን በእጃቸው እስኪነኩት ድረስ ቀርበው ድል አደረጉ። በዚያው ወር የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በዚሁ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ።

የዚህችም ታንክ አምሳያ በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሰው ይህችን አምሳያ ገዝቶ፣ አፈር የመሰለ ቀለም ቀብቶ፣ ከሥርዋ «ኢትዮጵያ፣ 1935» ብሎ ጽፎ ቢያቆማት፣ ስለ ደምበጉናና ስለ መርዙ ጋዝ ግን ምንም ባያውቅ፣ ለእርሱ ኢትዮጵያ የአፈር ቀለም ስም ብቻ ናት ማለት ነው። ይህ ሲሆን እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ትክክል ነው። ነገር ግን እኛ የሌላውን አገር መከራ የቀለም ስም ስናደርገው የማንቆጣ ከሆነ፣ ቁጣችን ስለ እውነት ሳይሆን ስለ ራሳችን ብቻ ነበር ማለት ነው።

የእኛ ለሆነውም ታንክ ጥያቄው አይቀርለትም። በአገራችን ወንድም ከወንድሙ ጋር በተዋጋባቸው ዘመናት የተቃጠሉ ታንኮች በየመንገዱ ዳር ዝገው ቀርተው ታይተዋል። ከእነርሱ አንዱን በአምሳያ የሚሠራ ወጣት፣ የዝገቱን ቀለም በማሳመር ብቻ ቢደሰት፣ በዚያ ብረት ውስጥ የነበረችውን የእናት ልጅ ረስቷል። ለእኛ የተሠለፈ ቢሆንም ባይሆንም ያችው የእናት ልጅ ናት።

አሁን የሚቀርብብኝን መቃወሚያ ልመልስ። «ይህን ሁሉ ካሰብሁ የሥራው ደስታ ይጠፋብኛል» የሚል አለ። የሚጠፋው ደስታ ካለማወቅ የመጣው ነው፤ እርሱም ቢጠፋ አይጎዳም። በማወቅ የሚገኘው ደስታ ግን ይቀራል፤ ይህም ሥራን በእውነት የመፈጸም ደስታ ነው። «ወታደሩ ታዝዞ የሄደ ምስኪን ነው፤ ለምን እወቅሰዋለሁ?» የሚልም አለ። ውቀስ አላልሁም፤ እወቅ አልሁ እንጂ። ቀለሙን ከእነ ጭቃው በትክክል አስቀምጥ፤ ሥራውንም ከእነ ስሙ በትክክል አስቀምጥ። ፍርዱን ተመልካቹ ራሱ ይሰጣል። «መልኩ ስለ ሚያምር ብቻ ነው የምሠራው» ለሚለውም መልሴ አጭር ነው። የነብር ቆዳም ያምራል፤ በጉን የተበላበት እረኛ ግን ከቆዳው በፊት ስለ ጥርሱ ይናገራል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የእጅ ሥራ የምትወዱ ሁሉ፣ አትተዉት፤ ነገር ግን የቀለሙን ቆርቆሮ ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ተሽከርካሪ የማን ነበር? በዚህ ቀለም የተቀባው መቼና የት ነው? በመድፉና በመትረየሱ ፊት የቆመውስ ማን ነበር? ሁለቱን መልሳችሁ ሦስተኛውን ብትተዉ ሥራው አላለቀም። መልሱን በትንሽ ወረቀት ላይ በአራት ወይም በአምስት መሥመር ጽፋችሁ ከአምሳያው ሥር አኑሩት። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም ታናሽ እኅታችሁ መጥተው «ይህ ምንድር ነው?» ባሉ ጊዜ፣ «ታንክ ነው፤ ቀለሙ ያምራል» ብላችሁ አትለፉ። ወረቀቱን አንብቡላቸው።

ቋንቋችን በአንዲት ቃል ሁለት ነገር አስተባብሮልናል። ግድግዳ የሚቀባውን ቀለም እንላለን፤ ትምህርትንም ቀለም እንላለን፤ የተማረውንም ቀለም የቆጠረ ብለን እናከብረዋለን። የፊተኛው ቀለም በገንዘብ ይገዛል፤ ሁለተኛው ግን በድካም ነው። የፊተኛውን ይዞ ሁለተኛውን የናቀ ሰው፣ እጁ የቱን ያህል ቢሠለጥን፣ ብረትን ከማስጌጥ አያልፍም። ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ ወጣት ግን በ24 ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ ላይ ለትውልድ የሚነበብ ምስክርነት ይጽፋል።