መክፈል ያቆምን ለት መዝገቡ የማን ነው?

የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ያነበበ ሰው «ፒችትሪ የሚችል» የምትለዋን አያጣትም። የዚህን የሒሳብ ሶፍትዌር ስም አምራቹ ሴጅ ኩባንያ ሴጅ 50 ካለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ዘንድ ግን ኮሌጁም ቀጣሪውም ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው። የ2010 እትሙ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ከብዙዎቻችን ጠረጴዛ አልወረደም። እኔም የመርካቶ ነጋዴዎችን መዝገብ የምይዘው በእሱ ነው።

የሙያ ጓደኞቼ «እስከ መቼ በዚህ? ወደ ኦንላይኑ ግቢ እንጂ» ይሉኛል። በየወሩ እየተከፈለበት በኢንተርኔት የሚሠራውን ማለታቸው ነው። ያጓጓል፣ አልክድም። ፒችትሪን የሚያውቅ ሁሉ ፐርቫሲቭን ያውቃል፤ ከጀርባ ሆኖ ዳታውን የሚይዘው ፕሮግራም ነው። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ እሱ ሳይነሳ ይቀራል፤ ፒችትሪም አልከፈትም ይላል። ያኔ ሰርቪስ ውስጥ ገብቶ ፐርቫሲቭን ፈልጎ ስታርት ማለት ነው። ይህን የማታውቅ ጀማሪ በወር መጨረሻ፣ ቫት ማሳወቂያው ቀን ሲደርስ ስታለቅስ አይቻለሁ። ኦንላይኑ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ባለሱቁም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሽያጩን በስልኩ ያያል።

ጎማ ነጋዴ ለሆኑ አንድ ደንበኛዬ ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው በጸጥታ ሰሙኝና «ልጄ፣ መክፈል ያቆምኩ ለት መዝገቤ የት ይገባል?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከባለሙያም አልሰማሁም።

መልሱ እንዲህ ነው። ከእነዚህ የኦንላይን የሒሳብ ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ኩዊክቡክስ ኦንላይን ክፍያ ያቋረጠ ደንበኛ ዳታውን ለአንድ ዓመት ማየት ብቻ እንዲችል ይፈቅዳል። የእኛ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ሰነድ ከዚያ ለረዘሙ ዓመታት እንዲቆይ ያዛል። ኦዲተሩ የዛሬ ሦስት ዓመቱን መዝገብ አምጡ ብሎ ሲመጣ «ኪራይ ስላልከፈልን ተዘግቶብናል» ብሎ መልስ የለም። የፒችትሪ ባክአፕ ግን ፍላሽ ላይ ያለ አንድ ፋይል ነው፤ ፕሮግራሙ የተጫነበት ኮምፒውተር እስካለ ድረስ የማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ እከፍተዋለሁ።

ወደ ኦንላይኑ እንዳልቸኩል ያደረገኝ ሁለተኛው ምክንያት ዶላሩ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አምራቹ ዋጋ ባይጨምር እንኳ ወርኃዊ ክፍያው በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ስንት ነጋዴ አለው?

ደግሞ ዘመናዊ ስለተባለ የእኛን አገር ግብር ያውቃል ማለት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። አሮጌው ፒችትሪ ይህን አያውቅም፤ የውጭው ኦንላይንም አያውቅም። ፔሮሉን ከነጡረታው፣ የሠራተኛውን 7 የአሠሪውን 11 በመቶ ይዘን፣ ያው ኤክሴል ላይ ነው የምንሠራው።

እኛ የአሮጌው ጠበቆች የማንናገረው ነገር ግን አለ። በከተማው የሚዞረው ፒችትሪ ብዙው ክራክ የተደረገ ነው። ያልከፈልንበትን ከሚከፈልበት ጋር አስተያይተን «የእኛው ርካሽ ነው» ማለት ሒሳብ አይደለም። ክራኩን የሰጠን ልጅ ምን አብሮ እንደጫነልን አናውቅም፤ የደንበኞቻችን የባንክ ቁጥርና የሠራተኞቻቸው ደመወዝ ያለው እዚያው ማሽን ላይ ነው። አምራቹ ለዚያ እትም ጥገና መስጠት ካቆመ ቆይቷል። ማሽኑ ሲሞት ደግሞ አዲሱ ላፕቶፕ አሮጌውን ፕሮግራም አልቀበልም ሊል ይችላል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ቅርንጫፍ ያለው፣ ባለቤቱ ውጭ አገር የሚኖር፣ ዶላር የሚያገኝ ድርጅት ኦንላይን ይግባ፤ ገንዘቡ አያንሰውም። አንድ ሱቅና አንድ መጋዘን ያለው ነጋዴ ግን ባለበት ይቆይ፤ ነገር ግን ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር ይጠቀም፣ የሒሳቡን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ይለይ፣ ባክአፑን ከሱቁ ውጭም ያስቀምጥ። የአገራችን ፕሮግራመሮች በብር የሚሸጥ፣ በራሳችን ማሽን ላይ የሚጫን፣ ጳጉሜንን የሚያውቅ ቢያመጡልን እኔ የመጀመሪያዋ ገዢ ነኝ።

በኪራይ የገባችሁም ከሰኔ 30 በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ የዓመቱን ጄኔራል ሌጀርና ትራያል ባላንስ አውርዳችሁ፣ አንዱን ኮፒ በፍላሽ፣ አንዱን በወረቀት በእጃችሁ ያዙ።