ጮኸ እንጂ አልተሰማም

ስለ መዝሙር አልበሞቻችን ጥራት በተነሣ ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል፤ «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ይባላል። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን እውነት የስንፍና መሸፈኛ አድርገነዋል። ሳይዘጋጅ መድረክ ላይ የወጣን ሰባኪ «ልቡ ንጹሕ ነው» ብለን አናልፈውም፤ ቃሉን አቃለለ እንላለን። ቃሉን በዜማ የሚያቀርበውን ሰው ስለምን በሌላ ሚዛን እንመዝነዋለን? ሙግቴ ከዘማሪዎቻችን ልብ ጋር አይደለም፤ ከአልበሞቻችን ድምፅ ጋር ነው።

ጥሩ ማጫወቻና ድምፅ ማጉያ የሚገዙ ሰዎች ዕቃቸውን የሚፈትኑባቸው የታወቁ አልበሞች አሏቸው። ከእነዚህ መካከል ስሙ ለአሥርተ ዓመታት ሲነሣ የኖረው «ካንታቴ ዶሚኖ» የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የገና መዝሙር አልበም ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ከተማ በሚገኘው በኦስካር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀረጸ፤ ያሳተመው ፕሮፕሪየስ የተባለ የስዊድን ድርጅት ነው። የተቀረጸበት ሬቮክስ ኤ77 የድምፅ ወዳጆች ገዝተው ቤታቸው ያስቀምጡት የነበረ የቴፕ ማሽን ነው። ማይክሮፎኖቹም ጥቂት ነበሩ። አልበሙን ስትሰሙ ኦርጋኑ ከየት እንደሚመጣ፣ መዘምራኑ የት እንደቆሙ፣ ጣሪያው ምን ያህል ከፍ እንደሚል በጆሯችሁ ታውቃላችሁ። ድምፁን ያሳመረው የዕቃ ብዛት አይደለም፤ የተለማመደ ኅብረት፣ ያማረ ሕንጻና አደብ ያለው ቀራጭ ነው።

አሬታ ፍራንክሊንም በጥር 1972 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከጄምስ ክሊቭላንድና ከመዘምራኑ ጋር በሁለት ምሽት ዘመረች። «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው አልበም የተገኘው ከዚያ ነው። የጉባኤው ጭብጨባና «አሜን» ባይነት ተቆርጦ አልወጣም፤ የመዝሙሩ አካል ሆኖ ቀርቷል። በ1987 ደግሞ ካውቦይ ጃንኪስ የተባለ ዓለማዊ ባንድ ቶሮንቶ ወደሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ቆሞ አልበሙን ቀረጸ። አስቡት፤ ዓለም የቤተ ክርስቲያንን ድምፅ ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ እኛ ግን ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ስፖንጅ በተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዘጋለን።

በዚያ ክፍል ምን ይሠራል? አንድ አቀናባሪ ከበሮውንም ቤዙንም መሰንቆውንም ከኪቦርድ ያወጣል። «መዘምራን» የሚባሉት ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፤ ድምፃቸው ተደራርቦ እንደ ብዙ ይታያል። ከዚያ የድምፅ ማስተካከያው ፕሮግራም ይመጣል። ፕሮግራሙ በፒያኖ አሥራ ሁለት ድምፆች ላይ ከተሞላ፣ ዘማሪው በትዝታ ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት ድምፁን ሲያወዛውዝ ያንን ለዛ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ ቅርቡ የፒያኖ ድምፅ ይጎትተዋል። ከአያቶቻችን የወረስነው የዜማ ጣዕም እንደ ጉድለት ይታረማል።

በመጨረሻ ሁሉም ነገር ይጨፈለቃል። ዲጂታል ድምፅ የማያልፈው ጣሪያ አለው። አልበሙ «እንዲጮህ» ሲፈለግ ቀስ ያለው ክፍል ወደ ላይ ይገፋል፤ ከፍ ያለው ክፍል በጣሪያው ላይ ይደፈጠጣል። ያን ጊዜ ጸሎትና እልልታ እኩል ይጮኻሉ። ዘማሪው በለሆሳስ የተናዘዘበት ስንኝና ኅብረቱ «ሃሌ ሉያ» ያለበት አዝማች አይለዩም። የሚያሳዝነው ትርፍ እንኳ የለውም፤ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ከሌላው አብልጦ የሚጮኸውን ሥራ ራሳቸው ዝቅ አድርገው ያጫውቱታል። ጩኸቱ ይቀነሳል፤ መጨፍለቁ ግን ይቀራል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለማይለይ የመለከት ድምፅ የተናገረውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

«እኛ እኮ ድሆች ነን፤ የምንሰማውም በስልክ ነው» የሚል ይኖራል። «በደርግ ዘመን የተቀረጹት ካሴቶች ሲንሾካሾኩ አልነበረም? ግን ስንቱን አጽናኑ!» የሚልም አለ። ለዚህኛው በአክብሮት እመልሳለሁ። አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ እንደ ተስፋዬ ጋቢሶ ያሉ ዘማሪዎች ለሰባት ዓመት ታስረው ባለፉበት ዘመን፣ መዝሙር ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር። በተገለበጠ ቁጥርም ሹክሹክታው ይጨምር ነበር። ሆኖም ከሹክሹክታው በስተጀርባ እውነተኛ ጊታር፣ እውነተኛ ክፍል፣ አብረው የሚተነፍሱ ሰዎች አሉ። እነርሱ ያላቸውን ሁሉ ሰጡ፤ እኛ ያለንን ሸፈንን። የእነርሱ ጉድለት የዕቃ ነው፤ የእኛ ግን የትጋት ነው። ድህነትም ምክንያት አይሆንም፤ በአጥቢያው አዳራሽ ውስጥ በሁለት ማይክሮፎን መቅረጽ ብዙ ወር ስቱዲዮ ከመከራየት ይረክሳል።

ነገሩ የጆሮ ቅንጦት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። መዝሙር ግን ጉባኤን ያስተምራል። አልበሙ ላይ የኅብረት ድምፅ ካልሰማን፣ እሑድ ስንሰበሰብም የእኛ ድምፅ አስፈላጊ አይመስለንም። መድረኩ በሞንታርቦ ይጮኻል፤ እኛ እጃችንን አጣምረን እናዳምጣለን። በ2ኛ ዜና 5 ላይ ቤቱ በእግዚአብሔር ክብር የተሞላው መለከተኞችና መዘምራን እንደ አንድ ሆነው ድምፃቸውን ባሰሙ ጊዜ ነው። በ1ኛ ዜና 25 ላይም ዝማሬን የተማሩት ብልሃተኞች ተቆጥረው 288 ተብለዋል። ልብና ብልሃት በዚያ አልተጣሉም።

ስለዚህ የወጣት ኅብረቶች ሆይ፣ በዚህ ዓመት አንድ ነገር አድርጉ። የአጥቢያችሁን መዘምራን በገዛ አዳራሻችሁ ቅረጹ። ከቀረጻው በፊት አዳራሹን አድምጡ፤ የሚያስተጋባበትንና የሚያፍንበትን ቦታ ለዩ። ጉባኤው አብሮ ይዘምር። ቀስ ያለው ቀስ እንዳለ ይቆይ። የጊታር መቺውንና የከበሮ መቺውን ስም ጻፉ፤ ዋናውን ቅጂ ሳይጨፈለቅ አስቀምጡ። በየቤቱ የቀሩትንም አሮጌ ካሴቶች ሰብስባችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ ካሴት በየዓመቱ ያረጃል፣ የያዘውም ምስክርነት አብሮት ይጠፋል።

አዲስ አልበም ሲወጣም «ብዙ ሰው አየው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ቁጭ ብላችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጡት። በውስጡ ሰው ከሌለ፣ ትንፋሽ ከሌለ፣ ጸጥታ ከሌለ፣ ለዘማሪው በፍቅርና በግልጽ ንገሩት። ለእግዚአብሔር የሚቀርብ መሥዋዕት ነውር የሌለበት እንዲሆን የሚጠይቀው ሕግ ለበግ ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም።