«በሆዱ ይመርጣል» ለምትሉ

ይህን ጽሑፍ የሚያስጽፈኝ የመኝታ ክፍል ወግ ነው። ሰሞኑን ስለ ምርጫ ስንጨቃጨቅ አንዱ ጓደኛችን አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ፣ «ተዉት ባካችሁ! ገበሬ በሆዱ ነው የሚመርጠው፤ ስለ መርህ ምን ገዶት?» አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ የግምጃ ቤት ልጅ ነኝ፤ አልሳቅኩም።

ኧረ ለመሆኑ በሆድ የመምረጥ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? አባቴ ገበያ ውሎ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያሰላው ስንት ኩንታል ድንች ሸጦ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ እንደሚገዛ ነው። አምና ስንት ነበር? ዘንድሮስ? ይህ ሆዳምነት ሳይሆን ሒሳብ ነው፤ ገዢን በሥራው መመዘን ነው። የጋና ሕዝብም ያደረገው ይኸንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የዋጋ ንረቱ 54 በመቶ ደረሰ፤ በ2024 ምርጫ ገዢው ፓርቲ የኢኮኖሚውን ቡድን ይመሩ የነበሩትን ምክትል ፕሬዚዳንት ባውሚያን ቢያቀርብ፣ ሕዝቡ በካርዱ አሰናበተው። ጋናዊውን «ንቁ መራጭ» ብለን የአንከሻውን ገበሬ «ሆዳም» የምንልበት አፍ ከየት መጣ?

ታዲያ የእኛ ነገርስ? በ1997 ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። በ2000 የእህል ዋጋ ሰማይ ወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2002 ምርጫ፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን ያዙ! በሰኔ 2013ም የዋጋ ንረቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሳለ ብልጽግና ውጤት ከተገለጸባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሕዝባችን ውድነት ይወዳል፣ ወይ ኪሱ የሚያውቀው ሐቅ ኮሮጆው ውስጥ አይገባም።

ማዳበሪያውን የሚያዳርሰው፣ ብድሩን የሚያስፈቅደው፣ መራጩንም የሚቀሰቅሰው ያው አንድ እጅ ከሆነ፣ ገበሬው ያለፈውን አምስት ዓመት ሊመዝን አይችልም፤ የሚያስበው የመጪውን ክረምት ማዳበሪያ ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያ፣ ዘርና ብድር ተቃዋሚን መቅጫ ሆነዋል ብሎ ነበር፤ መንግሥት አስተባበለ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ «በሆዱ መረጠ» አትበሉ፤ «በሆዱ ተያዘ» በሉ!

ቅሬታ ግን ኮሮጆ ስላልገባ ብቻ አይጠፋም። በ1960 ዓ.ም. ፓርቲ በማይታወቅበት ምርጫ የተሰየመው ምክር ቤት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ። የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ፣ ምክር ቤቱ ያልሰማለትን እምቢታ በጠመንጃ ተናገረ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላን ደበደበው። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ሰሚ ያለው ድምፅ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ደም ለምን ይፈስ ነበር? በ2015 ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ያጣው ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ የሄደውስ አቤት የሚልበት ደጅ ቅርቡ ቢያጣ አይደለም?

እርግጥ ኪስም ጉድለት አለበት፤ ቶሎ ይረሳል። የምርጫ ሰሞን የመጣች አንዲት ኩንታል የአራት ዓመት ችጋር ታስረሳለች። የእኛ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ከመሳቅ ይልቅ በየክረምቱ አገር ቤት ስንገባ የማዳበሪያውን፣ የጤፉን፣ የዘይቱን ዋጋ በደብተር እንያዝ፤ ከዓመት ዓመት አስተያይተን ለአባቶቻችን እናንብብላቸው።

ግምጃ ቤት ማለት የሀብት ማኖሪያ ነው። ሀብቱን የሚያመርተው ሰው ሒሳቡን የሚጠይቅበት ቀን ሊኖረው ይገባል፤ ሲጠይቅም ልንስቅበት አይገባም።