ስለ ቆዳ ደዌና ስለ አዲሱ መድኃኒት

በሰው ዓይን ፊት የሚታይ ደዌ ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል፤ አንድ ጊዜ በሥጋው፥ ሁለተኛም በባልንጀራው ፊት። ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ደዌ እንዲህ ያለ ነው። ቆዳው ይወፍራል፥ ቅርፊት ያወጣል፥ በብዙዎችም ላይ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ምክንያቱም ገላን ከበሽታ ሊጠብቅ የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ገላውን መውጋቱ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2006 ዓ.ም. ተላላፊ አለመሆኑን በውሳኔው አስታውቋል።

ይህን ባለማወቅ ግን ከለምጽና ከሥጋ ደዌ ጋር የሚቀላቅለው ብዙ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ ነገሩ ካልተገለጠለት ሰባት ቀን ቆይቶ ደግሞ እንዲመለከት ታዝዞ ነበር፤ እኛ ግን አንድ ጊዜ አይተን እንፈርዳለን።

ዛሬ ባዮሎጂክ የሚባል፥ ከሕያዋን ሕዋሳት የሚዘጋጅ የመርፌ መድኃኒት ተገኝቷል። የገላን ብግነት የሚያነሣሣውን መልእክተኛ ለይቶ ይይዛል። ከነዚህ አንዱ አዳሊሙማብ በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ለመገጣጠሚያ ሕመም ተፈቀደ፤ በኋላም ለሶሪያሲስ ሆነ። ደዌውን ያስታግሣል እንጂ ነቅሎ አያጠፋም።

ነገር ግን ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። መጀመሪያ፥ ይህን የመሰለው መድኃኒት በገላ ውስጥ ተደብቆ የተኛውን የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው። ሁለተኛ፥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ የስምጥ ሸለቆ ሙቀትና የመብራት መቋረጥ ለዚህ ጠላቶቹ ናቸው። ሦስተኛ፥ ዋጋው ከባድ ነው።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ይገኝ አንልም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ላሉት ከተሞች በአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ አስተማማኝ ማቀዝቀዣና መርማሪ ተዘጋጅቶ፥ ደዌው ለጸናባቸው ብቻ ቢሰጥ፥ መንግሥትም ዋጋቸው የቀነሰውን አምሳያዎች ባንድነት ቢገዛ ይበቃል። ለቀሩት ግን ቅባቱና ርካሹ ሜቶትሬክሴት በሐኪም ጥበቃ ሳይቋረጥ ይድረሳቸው፤ ውዱን አምጥቶ ርካሹን ማጣት ጥበብ አይደለምና።

ካህናትም ድርሻ አላቸው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ያ ምክር ለዚህም ደዌ ይሠራል። የንስሐ አባት «መድኃኒትህን አትተው፥ ወንድሞችህም አይሸሹህም» ቢል፥ መርፌው የማይደርስበትን ቁስል ያሽራል።